የኢነርጂ ኩባንያ የተጣራ ቋሚ ንብረትን በትክክል ማንበብ፦ ደረጃ በደረጃ

ብዙ ሰው የነዳጅ ወይም የኤሌክትሪክ ኩባንያ ዓመታዊ ሪፖርት ከፍቶ ትልቁን ቁጥር ያያል። ለምሳሌ "የተጣራ ቋሚ ንብረት 214.9 ቢሊዮን ዶላር" ይላል። ወዲያው ሁለት ነገር ይደመድማል። አንደኛ፣ ኩባንያው ንብረቱን ቢሸጥ ይህን ያህል ያገኛል ይላል። ሁለተኛ፣ ቁጥሩ ከአምናው ከጨመረ ኩባንያው አደገ፣ ከቀነሰ ደግሞ እየወደቀ ነው ይላል። ሁለቱም ስሕተት ናቸው። በእነዚህ ላይ ተመሥርቶ አክሲዮን የሚገዛ፣ ብድር የሚያጸድቅ ወይም የመመረቂያ ጽሑፍ የሚጽፍ ሰው ገና ከመነሻው ተሳስቷል።

ቁጥሩ የሚናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከዚህ በፊት ለንብረት ከወጣው ገንዘብ ውስጥ እስካሁን በወጪነት ያልተመዘገበው ስንት ቀረ? የገበያ ዋጋ አይደለም። ከ10 ዓመት በፊት የተገዛ ሚኒባስ በመዝገብ ላይ ዜሮ ሊሆን ይችላል፤ ገበያ ላይ ግን ከተገዛበት በላይ ያወጣል። የነዳጅ ጉድጓድና የኃይል ማመንጫም እንደዚያው ናቸው። አንዳንዴ ደግሞ ተቃራኒው ይሆንና በመዝገብ ላይ ቢሊዮን የሆነው ጉድጓድ ገበያ ላይ ምንም አያወጣም።

ለምሳሌነት የአሜሪካውን የነዳጅ ኩባንያ ኤክሰን ሞቢልን መርጫለሁ። ሪፖርቱ በነጻ ይገኛል። ከ2020 እስከ 2024 ባሉት ዓመታት ደግሞ በዚህ ቁጥር ላይ ሊደርስ የሚችለው ሁሉ ደርሶበታል። ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የኢትዮጵያ ሲሆን ዓ.ም. ብዬ እጽፋለሁ።

ከመጀመራችሁ በፊት

እነዚህን ሳታዘጋጁ ወደ ደረጃ 1 አትሂዱ።

ዓመታዊ ሪፖርቱን ከምንጩ አውርዱ። የአሜሪካ ኩባንያ ከሆነ "ቴን-ኬ" የሚባለውን ሪፖርት ከአሜሪካ የሰነደ ሙዓለ ንዋይ ኮሚሽን የኤድጋር ድረ ገጽ ላይ ታገኙታላችሁ። የኢትዮጵያ ድርጅት ከሆነ ኦዲት የተደረገውን ሪፖርት ከነማስታወሻዎቹ (ከዋናዎቹ የሒሳብ መግለጫዎች ጋር ከሚቀርበው ዝርዝር ማብራሪያ ጋር) ፈልጉ። የሦስት ወር ሪፖርት አይበቃም፤ ዝርዝሩ ያለው በዓመታዊው ላይ ነው።

ቢያንስ የሦስት ዓመት ሪፖርት ያዙ። አምስት ከሆነ ይበልጥ ጥሩ ነው። የአንድ ዓመት ቁጥር ብቻውን ምንም አይነግራችሁም።

ኤክሴል ላይ አንድ ገጽ ክፈቱ። ከላይ ሦስት ነገር ጻፉ፦ ገንዘቡ በምን እንደተገለጸ (በሚሊዮን ወይስ በሺህ)፣ የበጀት ዓመቱ መቼ እንደሚዘጋ፣ ሒሳቡ በየትኛው ደንብ እንደተሠራ። ደንቡ ወይ የአሜሪካው ነው፣ ወይ ዓለም አቀፉ አይኤፍአርኤስ ነው። ኤክሰን በአሜሪካው ይሠራል። ሼልና ቢፒ በአይኤፍአርኤስ ይሠራሉ። በኢትዮጵያም አዋጅ ቁጥር 847/2006 ሪፖርት አቅራቢ ድርጅቶችን ወደ ዓለም አቀፉ ደንብ አስገብቷል። የደንቡ ልዩነት ደረጃ 3፣ 6 እና 8 ላይ ውጤቱን ይቀይራል። ስለዚህ አሁኑኑ ጻፉት።

ማስጠንቀቂያ፦ ቁጥሩን ከአክሲዮን አፕ ላይ አትገልብጡ። አንዳንዶቹ የተከራየ ንብረትን ይደምሩበታል፣ አንዳንዶቹ አይደምሩም። ኋላ ላይ ሒሳቡ አልታረቅ ሲል ጥፋቱ የቱ ጋ እንደሆነ ማግኘት ይከብዳችኋል።

ደረጃ 1፦ መስመሩን አግኙ

የሀብትና ዕዳ መግለጫውን ክፈቱ። ከአጭር ጊዜ ሀብቶች በታች "ፕሮፐርቲ፣ ፕላንት ኤንድ ኢኩፕመንት" የሚል መስመር አለ። የሒሳብ ሰዎች ባጭሩ ፒፒኢ ይሉታል። ኤክሰን ላይ መስመሩ "በወጪ ዋጋ፣ ከተጠራቀመ የእርጅናና የክምችት መሟጠጥ ቅናሽ በኋላ" የሚል ማብራሪያ ተከትሎታል። "የተጣራ" ማለት ይኸው ነው።

የኤክሰንን የዓመት መጨረሻ ቁጥሮች በሚሊዮን ዶላር ጻፉ፦

2019፦ 253,018
2020፦ 227,553
2021፦ 216,552
2022፦ 204,692
2023፦ 214,940
2024፦ 294,318

የ2023ን ከጠቅላላ ሀብቱ ከ376,317 ጋር አነጻጽሩ። 57 በመቶ ይሆናል። ከኩባንያው ሀብት ከግማሽ በላዩ ይህ አንድ መስመር ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ የሚፈጠር ስሕተት ቀሪውን ትንተና ሁሉ ያበላሻል።

መስመሩን ካጣችሁት፦ የኤሌክትሪክ ኩባንያዎች አንዳንዴ ቋሚ ንብረቱን ከላይ፣ ከጥሬ ገንዘብም በፊት ያስቀምጡታል። ስሙም "ዩቲሊቲ ፕላንት" ሊሆን ይችላል። ከታች ወደ ላይም አንብቡ።

ደረጃ 2፦ ቁጥሩን በትኑት

የተጣራው ቁጥር የሁለት ትላልቅ ቁጥሮች ልዩነት ነው። አንደኛው ንብረቱ ሲገዛ ወይም ሲሠራ የወጣው ጠቅላላ ወጪ ነው። ሁለተኛው እስካሁን የተጠራቀመው ቅናሽ ነው፤ ንብረቱ ሲያረጅ ወይም ሲሟጠጥ በየዓመቱ በወጪነት የተመዘገበው ድምር ማለት ነው። ሁለቱን ማስታወሻው ውስጥ ፈልጉና ለየብቻ ጻፉ።

ለምን? ሁለት ኩባንያዎች እኩል 14 ቢሊዮን የተጣራ ንብረት አላቸው እንበል። አንደኛው 40 ቢሊዮን አውጥቶ 26ቱ ተቀንሶበታል። ሁለተኛው 16 ቢሊዮን አውጥቶ 2ቱ ብቻ ተቀንሶበታል። የመጀመሪያው ንብረት በመዝገብ ዕድሜ 65 በመቶው አልቋል። የሁለተኛው 12.5 በመቶ ብቻ ነው። ከፊት ለፊት የሚጠብቃቸው ወጪ በፍጹም አይገናኝም። የተጣራውን ብቻ የሚያይ ሰው ግን ሁለቱን እኩል ያደርጋቸዋል።

ከዚያ በዘርፍ በትኑ። ኤክሰን ማስታወሻው ላይ የነዳጅ ፍለጋና ምርቱን፣ ማጣሪያውንና ኬሚካሉን ለየብቻ ያሳያል። ይህን አትዝለሉ። ጉድጓድ በየዓመቱ ይሟጠጣል። ማጣሪያ ግን በእድሳት አሥርት ዓመታት ይሠራል።

ደረጃ 3፦ ውስጡ የተደበቀውን አውጡ

ሰው ቋሚ ንብረት ሲባል ፎቅ፣ ቧንቧና ተርባይን ይታየዋል። ኢነርጂ ኩባንያ ላይ ግን ሌሎች ነገሮችም እዚህ መስመር ውስጥ ይገባሉ። አንድ በአንድ ፈልጓቸው።

*በግንባታ ላይ ያለ ንብረት።* ወጪው ተመዝግቧል፣ ሥራ ግን አልጀመረም። ስለዚህ የእርጅና ቅናሽ አይሰላበትም። በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት የሚገኘውን የቮግትል ኑክሌር ጣቢያ ውሰዱ። ሦስተኛው ሪአክተር ወደ ንግድ ሥራ የገባው በሐምሌ 2023 መጨረሻ፣ አራተኛው ደግሞ በሚያዝያ 2024 መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት ለዓመታት ወጪው ቋሚ ንብረቱን ያሳብጠው ነበር፤ ገቢ ግን አያመጣም። ሥራ ሲጀምር ደግሞ ወጪው ወደ መደበኛው ንብረት ይዛወርና የእርጅና ቅናሹ በአንዴ ይዘላል።

የእኛም ጉዳይ ነው። የሕዳሴ ግድብ የመጀመሪያው ተርባይን ማመንጨት የጀመረው በየካቲት 2014 ዓ.ም. ነው። ግድቡ የተመረቀው ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። ክፍሎቹ በተለያየ ጊዜ ሥራ የሚጀምሩበት እንዲህ ያለ ፕሮጀክት ሲገጥማችሁ አንድ ጥያቄ ይዛችሁ ማስታወሻውን ክፈቱ፦ ከወጪው ስንቱ ወደ ሥራ ንብረት ተዛወረ፣ ስንቱስ አሁንም በግንባታ ላይ ተብሎ ተቀምጧል? የዓለም አቀፉ ደንብ የእርጅና ቅናሽ የሚጀምረው ንብረቱ ለአገልግሎት ዝግጁ ሲሆን ነው ይላል፤ የምረቃ ቀንን አይጠብቅም።

*የብድር ወለድ።* ግንባታው ሲካሄድ የሚከፈል ወለድ የንብረቱ ዋጋ ላይ ይደመራል። ፕሮጀክት በዘገየ ቁጥር ንብረቱ በመዝገብ ላይ እየ"ከበረ" ይሄዳል። ሥራው ግን ያው ሥራ ነው። ይህ በጣም ያሳስበኛል። የዘገየ ፕሮጀክት በቁጥር ሲታይ ሀብት የጨመረ ይመስላልና።

*የመዝጊያ ወጪ።* ጉድጓድ ሲያልቅ መደፈን አለበት። የባሕር ላይ መድረክም ይፈርሳል። ይህ የወደፊት ወጪ ዛሬ ተገምቶ ዕዳ ሆኖ ይመዘገባል፤ ያው መጠን ንብረቱ ላይም ይጨመራል። አንድ ዶላር ሳይወጣ ቋሚ ንብረቱ ያድጋል ማለት ነው።

*የተከራየ ንብረት።* እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይወድቃል። ሼልና ቢፒ የተከራዩትን መርከብና የቁፋሮ መሣሪያ የመጠቀም መብት እዚሁ ቋሚ ንብረት ውስጥ ያስገቡታል። ኤክሰን ግን መደበኛ ኪራዩን "ሌሎች ሀብቶች" ውስጥ ያስቀምጣል። ከማወዳደራችሁ በፊት አስተካክሉ።

አንዱን ካላገኛችሁት፦ ሪፖርቱ ውስጥ "ኮንስትራክሽን"፣ "ሪታየርመንት" እና "ሊዝ" የሚሉትን ቃላት በእንግሊዝኛው ፈልጉ። ከማስታወሻዎቹ በአንዱ ውስጥ ታገኟቸዋላችሁ።

ደረጃ 4፦ ቅናሹ እንዴት እንደሚሰላ ለዩ

የሒሳብ ፖሊሲው ማስታወሻ ላይ ሁለት ዘዴ ታገኛላችሁ።

ማጣሪያ፣ ቧንቧ፣ ማከፋፈያ ጣቢያና የኤሌክትሪክ መስመር በቀጥታ መስመር ዘዴ ይሰላሉ። ወጪው ለአገልግሎት ዘመኑ ይካፈላል። አለቀ።

የነዳጅና ጋዝ ጉድጓድ ግን በምርት መጠን ይሰላል። ይህን በደንብ ያዙ፤ የአብዛኛው ሰው ግራ መጋባት የሚጀምረው እዚህ ነው። ወጪው 1,000 ሚሊዮን ዶላር የሆነ መስክ አለ እንበል። ከሥሩ የተረጋገጠው ክምችት 50 ሚሊዮን በርሜል ነው። ዘንድሮ 5 ሚሊዮን ወጣ። አንድ አሥረኛው ስለወጣ ቅናሹ 100 ሚሊዮን ይሆናል።

አሁን መሐንዲሶቹ ክምችቱን እንደገና ገምተው 40 ሚሊዮን ነው ቢሉስ? በዚያው ምርት ቅናሹ 125 ሚሊዮን ይሆናል። ተጨማሪ ዘይት አልወጣም፣ ተጨማሪ ማሽንም አላረጀም፤ የተቀየረው ግምቱ ብቻ ነው። የነዳጅ ዋጋ ሲወድቅ ደግሞ ለማውጣት የማያዋጣው ዘይት ከተረጋገጠ ክምችት ይወጣል። ስለዚህ ዋጋ በወደቀበት ዓመት ቅናሹ በበርሜል ሲሰላ ከፍ ሊል ይችላል። ገቢም ወረደ፣ ቅናሽም ወጣ ማለት ነው።

ሌላም ጠይቁ፦ ኩባንያው ያልተሳካ ቁፋሮን ምን ያደርገዋል? ኤክሰን የተሳኩትን ብቻ ነው ንብረት የሚያደርገው። ደረቅ ጉድጓድ ወዲያው ወጪ ይሆናል። አንዳንድ የአሜሪካ ኩባንያዎች ግን ያልተሳካውንም ጭምር ንብረት አድርገው ይይዙታል። ያ ዘዴ የተጣራ ንብረትን ከፍ ያደርጋል። ዋጋ ሲወድቅ ግን ትልቅ ስረዛ (የንብረቱን የመዝገብ ዋጋ በአንዴ መቀነስ) ያመጣል፤ ምክንያቱም የአሜሪካው ኮሚሽን ደንብ ንብረቱን በ12 ወር አማካይ ዋጋ ከሚሰላ ጣሪያ በላይ እንዳይይዙ ይከለክላቸዋል።

ማስጠንቀቂያ፦ በእነዚህ ሁለት መንገዶች የሚሠሩ ኩባንያዎችን የተጣራ ንብረት ጎን ለጎን አታስቀምጡ። ለማስተካከል የሚያስፈልገው መረጃ ብዙውን ጊዜ ከውጭ ላለ ሰው አይገኝም።

ደረጃ 5፦ ሒሳቡን አስታርቁ

ከሁሉም ደረጃ ጊዜ የምትሰጡት ለዚህ ይሁን። ሌላው ሁሉ ዝግጅት ነበር።

ቀመሩ ይህ ነው፦ የአምናው የተጣራ ንብረት፣ ሲደመር የዓመቱ ግዢና ግንባታ፣ ሲቀነስ የዓመቱ የእርጅናና የመሟጠጥ ቅናሽ። ውጤቱን ሪፖርቱ ላይ ካለው የዘንድሮ ቁጥር ጋር አስተያዩ። ግዢና ግንባታውን ከገንዘብ ፍሰት መግለጫ ላይ "አዲሽንስ ቱ ፕሮፐርቲ፣ ፕላንት ኤንድ ኢኩፕመንት" ከሚለው መስመር ውሰዱ። ቅናሹንም እዚያው ገጽ ከላይ ታገኙታላችሁ።

ኤክሰን ላይ በሚሊዮን ዶላር ስንሠራው፦

2020፦ 253,018 + 17,282 − 46,009 = 224,291። ሪፖርቱ 227,553 ይላል። ልዩነት +3,262።

2021፦ 227,553 + 12,076 − 20,607 = 219,022። ሪፖርቱ 216,552። ልዩነት −2,470።

2022፦ 216,552 + 18,407 − 24,040 = 210,919። ሪፖርቱ 204,692። ልዩነት −6,227።

2023፦ 204,692 + 21,919 − 20,641 = 205,970። ሪፖርቱ 214,940። ልዩነት +8,970።

2024፦ 214,940 + 24,306 − 23,442 = 215,804። ሪፖርቱ 294,318። ልዩነት +78,514።

ልዩነት ስታዩ አትደንግጡ፣ ሒሳቡም ተበላሸ አትበሉ። እዚህ የመጣነው ይህን ልዩነት ፍለጋ ነው። ኩባንያው በዋናው ገጽ ላይ ያልነገራችሁ ታሪክ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። በዚህ ቅደም ተከተል መርምሩት፦

ሀ. *ኩባንያ ተገዝቷል ወይ?* የ2024ን 78.5 ቢሊዮን እዩ። በዚያ ዓመት ግንቦት መጀመሪያ ላይ ኤክሰን ፓዮኒር የተባለውን የቴክሳስ ነዳጅ አምራች ገዛ። የከፈለው በአክሲዮን ነው። ስለዚህ በገንዘብ ፍሰት መግለጫው የግንባታ መስመር ላይ አታገኙትም። ንብረቱ ግን በግዢው ቀን የገበያ ግምት ተመዝግቦ ገብቷል። በ2023 መገባደጃ የተገዛው ዴንበሪም በአክሲዮን ነበር፤ ለዚያ ዓመት ልዩነት አንዱ ምክንያት እሱ ነው። "የኤክሰን ቋሚ ንብረት በአንድ ዓመት 37 በመቶ አደገ" ብሎ የሚጽፍ ሰው ቁጥሩ አልተሳሳተም። ነገር ግን ባለአክሲዮኖች ለዚያ ዕድገት የከፈሉት ድርሻቸው ስስ በመሆኑ ነው። ይህን ሳይናገር ካለፈ አንባቢውን ያሳስታል።

ለ. *ንብረት ተሽጧል ወይ?* በ2021 መጨረሻ ኤክሰን የእንግሊዝ ሰሜን ባሕር ንብረቶቹን ሸጠ። በ2022 ደግሞ የሩማኒያውን የባሕር ጋዝ ድርሻ ሸጠ። የተሸጠ ንብረት ከመዝገብ ይወጣል። ለሽያጭ የተዘጋጀውም ሳይሸጥ በፊት ወደ ሌላ መስመር ይዛወራል። ያንን መስመር ማየት አትርሱ።

ሐ. *ምንዛሬው ተቀይሯል ወይ?* የካናዳው ንብረት የሚመዘገበው በካናዳ ዶላር ነው። በ2022 የአሜሪካ ዶላር ሲጠነክር የውጭው ንብረት በዶላር ሲተረጎም አነሰ። በ2020 መጨረሻ ዶላር ሲዳከም ደግሞ ተቃራኒው ሆነ። ማሽኑ ከቦታው ሳይነቃነቅ ቁጥሩ ይቀየራል።

መ. *የመዝጊያ ወጪ ግምት ተከልሷል ወይ?* ደረጃ 3 ላይ ያየነው ነው።

ሠ. *ያልተከፈለ ሥራ አለ ወይ?* ታኅሣሥ ላይ ሥራው ተሠርቶ ክፍያው ጥር ላይ ከወጣ፣ ንብረቱ በአንድ ዓመት፣ ገንዘቡ በሌላው ይታያል።

ድርጅቱ በአይኤፍአርኤስ የሚሠራ ከሆነ ዕድለኞች ናችሁ። ደንቡ ይህን ማስታረቂያ በሠንጠረዥ እንዲያቀርብ ያስገድደዋል፦ መነሻ፣ ጭማሪ፣ ሽያጭ፣ ቅናሽ፣ ምንዛሬ፣ መድረሻ። በአሜሪካው ደንብ ግን ራሳችሁ ነው የምትሠሩት።

አሁንም ካልታረቀ፦ መጀመሪያ ምልክቶቹን አጣሩ፤ ቅናሹን በስሕተት ደምራችሁት ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ የአምናው ቁጥር በዘንድሮው ሪፖርት ላይ ተሻሽሎ እንደሆነ እዩ። ኩባንያዎች አንዳንዴ የአምናውን ከልሰው ያወጣሉ። ከዚህ በኋላ የሚቀረው ልዩነት ከመነሻው ቁጥር ከአንድ ወይም ከሁለት በመቶ በታች ከሆነ "ያልተብራራ" ብላችሁ ጻፉና እለፉ። ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ሳታገኙት ወደ ደረጃ 6 አትሂዱ።

ደረጃ 6፦ ስረዛውን ከእርጅና ለዩ

የ2020ን መስመር እንደገና እዩት። ቅናሹ 46,009 ነው። በ2019 18,998፣ በ2021 ደግሞ 20,607 ነበር። መሣሪያ በአንድ ዓመት ከእጥፍ በላይ አያረጅም። ከመደበኛው በላይ የሆነው ስረዛ ነው፤ የሒሳብ ሰዎች ኢምፔርመንት የሚሉት። ኤክሰን በ2020 አራተኛ ሩብ ዓመት በአመዛኙ በስረዛ ምክንያት ከታክስ በኋላ 19.3 ቢሊዮን ዶላር ኪሳራ መዝግቧል። ትልቁ ክፍል በ2010 ኤክስቲኦ የተባለውን የአሜሪካ ጋዝ አምራች በመግዛት የገባበት የጋዝ ንብረት ነው። ዋጋው ስላሽቆለቆለ ያ ጋዝ በዕቅዱ ውስጥ ቦታ አልነበረውም።

ትእዛዙ ቀላል ነው፦ የእርጅና መስመሩ ካለፉት ዓመታት ከሩብ በላይ ከዘለለ፣ "ኢምፔርመንት" የሚለውን ቃል ፈልጉ። ስረዛውን አውጥታችሁ በሌላ ዓምድ ጻፉ። የቀረው መደበኛው ቅናሽ ነው። ለወደፊት ትንበያ የምትጠቀሙበት እሱን ብቻ ነው። 46 ቢሊዮኑን ወስዶ "በየዓመቱ ይህን ያህል ይቀንሳል" ብሎ የሚተነብይ ሰው ኩባንያውን በወረቀት ላይ ይገድለዋል።

ቀጥሎ ደንቡን አስታውሱ። በአይኤፍአርኤስ ዛሬ የተሰረዘ ዋጋ ሁኔታው ሲሻሻል ሊመለስ ይችላል። በአሜሪካው ደንብ ግን በሥራ ላይ ያለ ንብረት አንዴ ከተሰረዘ ተመላሽ የለም። አሜሪካውያኑ ለስረዛም ይዘገያሉ። መጀመሪያ ንብረቱ ወደፊት የሚያስገባውን ገንዘብ ወደ ዛሬ ዋጋ ሳይቀንሱ ይደምሩታል። ያ ድምር ከመዝገብ ዋጋው በታች ካልወረደ አይሰርዙም። ስለዚህ የአሜሪካ ኩባንያ ስረዛ ሲያስታውቅ ጉዳዩ ብዙ ጊዜ የከረመ ነው።

የዋጋ ግምቱንም አንብቡ። ቢፒ በሰኔ 2020 የረጅም ጊዜ የብሬንት (የዓለም ገበያ መለኪያ የሆነው ድፍድፍ ነዳጅ) ዋጋ ግምቱን በበርሜል ወደ 55 ዶላር ዝቅ አደረገ፤ ከታክስ በኋላ ከ13 እስከ 17.5 ቢሊዮን ዶላር የሚደርስ ስረዛም እንደሚጠብቀው አስታወቀ። ጉድጓዱ ያው ነው፤ የተቀየረው አስተዳደሩ ስለ ነገ ያለው እምነት ነው። ማስታወሻው ላይ ያለው የዋጋ ግምት ገበያው ላይ ካለው በጣም ከፍ ብሎ ካያችሁት፣ ወደፊት ስረዛ ሊመጣ እንደሚችል ጻፉ።

ደረጃ 7፦ ሦስት ስሌት ብቻ ሥሩ

ብዙ ሬሾ መደርደር አያስፈልግም። ሦስቱ ይበቃሉ።

*ግንባታ ሲካፈል ለቅናሽ።* ኤክሰን በ2019፦ 24,361 ÷ 18,998 = 1.28። በ2021፦ 12,076 ÷ 20,607 = 0.59። በ2023፦ 21,919 ÷ 20,641 = 1.06። ከ1 በታች ከሆነ ኩባንያው ከሚያረጀው ያነሰ እየተካ ነው። አንድ ዓመት ከሆነ ቁጠባ ነው። አራትና አምስት ዓመት ከቀጠለ ግን ምርቱን አብራችሁ እዩ።

*የተጠራቀመ ቅናሽ ሲካፈል ለጠቅላላ ወጪ።* ደረጃ 2 ላይ የሠራነው ነው። መሬትንና በግንባታ ላይ ያለውን መጀመሪያ ቀንሱ። ካልቀነሳችሁ ንብረቱ ከእውነቱ ይልቅ አዲስ ይመስላል።

*ገቢ ሲካፈል ለአማካይ የተጣራ ንብረት።* ኤክሰን በ2020 181,502 ሚሊዮን ጠቅላላ ገቢ ነበረው። ስሌቱ 0.76 ይሆናል። በ2022 ገቢው 413,680 ሆነና ስሌቱ ወደ 1.96 ወጣ። በሁለት ዓመት ውስጥ ሠራተኛው ሁለት እጥፍ ጎበዝ ሆነ? አይደለም። የነዳጅ ዋጋ ነው የጨመረው። በዚያ ላይ በ2020 የተሰረዘው ንብረት አካፋዩን አሳንሶታል። ስረዛ ያደረገ ኩባንያ በማግስቱ "ውጤታማ" የሚመስለው ለዚህ ነው። ይህን ሬሾ ስትጠቀሙ የነዳጁን ዋጋና የስረዛውን ዓመት ጎኑ ሳትጽፉ ለማንም አታሳዩ።

ደረጃ 8፦ ከሌላ ኩባንያ ጋር አወዳድሩ፣ ከቻላችሁ

ከማወዳደራችሁ በፊት አራት ጥያቄ መልሱ። ደንቡ አንድ ነው? የደረቅ ጉድጓድ አያያዙ አንድ ነው? ኪራዩ በሁለቱም ውስጥ ወይም ከሁለቱም ውጭ ነው? ንብረቱ በወጪ ዋጋ ነው የተያዘው ወይስ በድጋሚ ግምት? የመጨረሻውን በተለይ አስተውሉ። አይኤፍአርኤስ ድርጅት ንብረቱን እንደገና አስገምቶ እንዲመዘግብ ይፈቅዳል። የአሜሪካው ደንብ አይፈቅድም።

የኢትዮጵያ ድርጅት ላይ ይህ ከሁሉም ይብሳል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ከዚያ በፊት በውጭ ምንዛሬ የተገዛ ተርባይን በወጪ ዋጋ ከተያዘ፣ መዝገቡ ላይ ያለው በግዢው ቀን ምንዛሬ የተሰላ ብር ነው። ያው ተርባይን ዛሬ ቢገዛ የሚጠይቀው ብር በብዙ እጥፍ ይበልጣል። የውጭ ብድሩ ግን በየዓመቱ መዝጊያ በአዲሱ ምንዛሬ ይሰላል። ስለዚህ ዕዳው ሲያብጥ ንብረቱ ባለበት ይቆማል። በዚህ ሁኔታ ዕዳን ለተጣራ ንብረት ማካፈል በዛሬና በድሮ ብር መካከል ማነጻጸር ነውና አታድርጉት። መጀመሪያ የሒሳብ ፖሊሲውን አንብቡና ንብረቱ በወጪ ዋጋ ይሁን በግምት አረጋግጡ። በግምት ከሆነ የተገመተበትን ቀን ጻፉ። በወጪ ዋጋ ከሆነ ደግሞ ድርጅቱ ዕዳውን መክፈል መቻሉን በገንዘብ ፍሰቱ መዝኑ።

የኢትዮጵያ መንግሥት ድርጅቶች ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሰኔ 30 ይዘጋል፣ የኤክሰን ደግሞ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ታኅሣሥ 31። በስድስት ወር ውስጥ የነዳጅ ዋጋም ምንዛሬም ብዙ ሊርቅ ይችላል።

ከአራቱ ጥያቄዎች አንዱን እንኳ መመለስ ካልቻላችሁ፦ የተጣራውን ቁጥር በቀጥታ አታወዳድሩ። በምትኩ እያንዳንዱን ኩባንያ ከራሱ ያለፉት ዓመታት ጋር አነጻጽሩ። ነዳጅ አምራች ከሆነ ደግሞ በአሜሪካ ሪፖርቶች መጨረሻ ላይ የሚገኘውን ተጨማሪ የነዳጅና ጋዝ መረጃ ክፈቱ። እዚያ የተረጋገጠው ክምችት ወደፊት የሚያስገኘው የተጣራ ገንዘብ በዓመት 10 በመቶ እየተቀነሰ ወደ ዛሬ ዋጋ ተሰልቶ ይገኛል። ሁሉም ኩባንያ የሚያሰላው በአንድ ዘዴ ነው። የገበያ ዋጋ አይደለም፤ በዚያ ዓመት አማካይ ዋጋ ላይ ስለሚመሠረት ከዓመት ዓመት ይዋዥቃል። ቢሆንም የምርት ዘርፉን የተጣራ ንብረት ከዚህ ቁጥር ጎን አስቀምጡት። የመዝገብ ዋጋው ለሁለትና ለሦስት ዓመት በተከታታይ ከበለጠ፣ ወደ ደረጃ 6 ተመለሱና የኩባንያውን የዋጋ ግምት እንደገና አንብቡ።